ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው አይጠራም

ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ፈጠራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፤ አልከራከራችሁም። እኔ ራሴ ፈጠራ በሆነልኝ ብዬ የተመኘሁበትን ቀን ቁጥር አላውቀውም።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤታችን፣ በቀን ብርሃን... ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ ላይ።

እኔ ኩሽና መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ውጭው ጉም ነው። ጥላው ጋ ያለው ሣር ላይ የጠዋቱ ውርጭ እንዳለ ነው፤ ገና አልሟሟም።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ስላፈርኩ ነው። ፍርሃቱስ ቀን ሲሄድ ይለቅ ይሆናል... እፍረቱ ግን ጠዋት ከኔ ቀድሞ ይነሳል።

አባቴ የዱር እንስሳትና የወፍ ፎቶ አንሺ ነበር። አርባ ዓመት በየጫካውና በየረግረጉ ተንከራትቶ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ይኖራል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባዬና እኔ ነበርን።

ጡረታ የወጣ ሰው ጫካውን ጥሎ ቤት ይገባል አይደል? የኔ አባት ጫካውን ይዞት ገባ።

ቤት ውስጥ ያንሾካሽክ ነበር። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሚዳቋ የቆመች ይመስል አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሹክሹክታ ነው። ኮቴው እንዳይሰማ ከጫማው በላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያጠልቃል። «አባዬ፣ እዚህ እኮ ካንተና ከኔ በቀር የሚበረግግ አውሬ የለም» ስለው፣ «አንቺ አለሽ አይደል» ይለኛል።

ስሜን ከጠራኝ ቆይቷል። «ጩኸቴ» ነበር የሚለኝ። የልብስ ስፌት መኪናዬን ደግሞ መትረየስ ይላታል። «ጩኸቴ፣ ያቺን መትረየስሽን ለአምስት ደቂቃ አሳርፊያት፤ አጥሩ ላይ እንግዳ መጥቷል።» እንግዳ የሚለው ድንቢጥ የምታህል ወፍ ነች።

ብርድ የካሜራ ባትሪ ይገድላል ብሎ ባትሪዎቹን ብብቱ ስር ያሞቃቸው ነበር። ስንት ጊዜ ልብስ ልዘፈዝፍ ስል ከሸሚዙ ውስጥ ባትሪ ዱብ ብሏል።

በብርዱ ወራት ቀኑ አንድ ዓይነት ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሳል። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል። በረንዳው ላይ የሰቀለውን የሙቀት መለኪያ አይቶ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ። ለወፎቹ ጥሬ ይበትናል። ከዚያ ሌንሶቹን አልጋው ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ ይወለውላል፤ ዓመት ያልነካቸውንም ጭምር። ምሳችንን እንበላለን። ስምንት ሰዓት ሲል ኮቱን ይደርብና በሩ ላይ ቆሞ...

«ቢሮ ገባሁ» ይላል። በሹክሹክታ።

ቢሮ የሚላት ጓሯችን መጨረሻ፣ ወንዙ ዳር የቆመች ሳጥን ናት። በጣውላና በአሮጌ ጆንያ ራሱ የሠራት፣ ቁም ሳጥን የምታህል። ውስጧ አንድ አጭር መቀመጫና የካሜራ ማቆሚያ አለ። በአራቱም ጎን ሌንስና እጅ የሚያሾልክ አንድ አንድ ቀዳዳ አላት። ከኩሽናችን መስኮት ሃምሳ እርምጃ ብትርቅ ነው።

ሕጉ አንድ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው አይጠራም።

ምግብ ቢበርድም አይጠራም። እንግዳ ቢመጣም አይጠራም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ ምሳውን ይዤ እየሮጥኩ ሄጄ፣ አሥራ አንድ ቀን የጠበቃትን ወፍ አስበረገግኩበት። አልመታኝም። አልተቆጣኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ግን አላናገረኝም። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ አጥንቴ ውስጥ አለች።

ከዚያ ወዲህ በምልክት እንግባባ ነበር። በቀዳዳዋ በኩል እጁን አውጥቶ መዳፉን ከዘረጋ፣ «ባለሽበት ቁሚ፣ እንዳትመጪ» ማለት ነው። ከጨበጠ፣ «ነይ»።

እኔና አባቴ ሠላሳ ዓመት በዚህ ተግባብተናል። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

አንድ ቀን በቀር።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ማንኪያው ሁለቴ ወደቀበት። «እጄን ብርድ መታው መሰለኝ» አለ፣ ቀኝ እጁን እያሸ። እንግዲያው ዛሬ ቢሮው ይቅርብህ፣ እሳት ዳር ተቀመጥ ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም።

ለምን? እውነቱን ልንገራችሁ። እንዲሄድልኝ ፈልጌ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሹክሹክታው፣ ባትሪው፣ ጥሬው... ታክቶኝ ነበር። ለሁለት ሰዓት እንኳ በገዛ ቤቴ ጮክ ብዬ ማውራት አምሮኝ ነበር።

ገባ። እኔም አብሮ አደጌ ጋ ደወልኩ። ሽማግሌው ቢሮ ገብቶልኛል፣ ዛሬ ነፃ ነኝ አልኳት። ያንሾካሸከውን እያስመሰልኩ ሳወራላት በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ።

አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ቀና ስል... በቤቱ በኩል ካለው ቀዳዳ እጁ ወጥቷል።

መዳፉ ተዘርግቷል።

እንዳትመጪ።

ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው አልኩ። ወንዙ ላይ የምትመጣዋ ሰማያዊ ወፍ ደርሳለታለች ማለት ነው፤ የብርዱን ወራት ሙሉ የጠበቃት። እኔም ለቀልድ መዳፌን መስኮቱ ላይ ዘርግቼ መለስኩለት። እሺ ጌታዬ፣ አልመጣም እንደማለት። ጀርባዬ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሻርፔን አንገቴ ላይ ጠቀለልኩና ወሬዬን ቀጠልኩ።

እጁ እንደወጣ ብዙ ቆየ።

ደግሜ ሳይ የለም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ደርሼ እንኳ ጆንያውን ከመግለጤ በፊት፣ ቀስ ብዬ...

«አባዬ... ልግባ?»

ብያለሁ። ሕጉን አክብሬ።

ግንባሩ ካሜራው ላይ አርፎ ነበር። ፊቱ ከውርጩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አለን። ወዲያው አልሞተም፤ አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ቆይቷል። መጀመሪያ የከዳው ቀኝ ጎኑ ነው። ሊያጽናናን ፈልጎ መሰለኝ፣ ብዙም አልታገለም፣ እጁን መጨበጥ እንኳ አይችልም ነበር አለ።

መጨበጥ እንኳ።

ወንድሜ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ይዞ ጠየቀኝ።

«ምንም አላየሽም?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«በመስኮት እንኳ?»

«ስሰፋ ነበር አልኩህ እኮ።»

አቀፈኝ። «በቃ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ። እኔም ታቀፍኩ። ትከሻው ላይ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው የዚያን ዕለት ከዋሸሁት ውሸት ይልቅ ያ እቅፍ ነው የሚያሳፍረኝ።

ከቀብሩ ማግስት ወንድሜ ካሜራውን ከቢሮዋ አምጥቶ አባዬ ክፍል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እሁድ ላፕቶፕ ይዤ እመጣለሁ አለ። የመጨረሻ ያነሳውን ፎቶ አሳትመን ሳሎን እንሰቅለዋለን፤ ያቺን ሰማያዊ ወፍ አግኝቷት ይሆናል።

እሺ አልኩ። ግን አባዬ ካሜራውን ወደ ቤቱ አዙሮት ቢሆንስ? እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ስስቅ ከታየሁስ?

ወንድሜ ሁሉን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ማን አለኝ?

ማክሰኞ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ቀረሁ። ስፌት ላይ ነበርኩ። አስር ሰዓት ከሃያ ሲል...

ጠቅ።

መኪናዬን አቆምኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺን ድምፅ አርባ ዓመት ሰምቻታለሁ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ። የካሜራ ድምፅ ነች።

ሄጄ አየሁ። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠፍቷል። ሌንሱ ግን ወንድሜ እንዳስቀመጠው ወደ ግድግዳው አልነበረም። ወደ በሩ ዞሯል። ከበሩ ባሻገር ኩሽናው ነው።

ወንድሜ አዙሮት ይሆናል አልኩ። አዞርኩትና ወጣሁ።

ረቡዕ ከሆስፒታል የመለሱልንን የአባዬን ኮት ከመስቀያው አወረድኩ። ለአንድ ለተቸገረ ሰው ልሰጠው አስቤ ነበር። የውስጥ ኪሱን ስፈትሽ ባትሪ አገኘሁ።

ይሞቃል።

ከእሳት እንደወጣ አይደለም። ከሰው ብብት እንደወጣ። ኮቱ የተሰቀለበት ኮሪደር ትንፋሽ የሚታይበት ብርድ ነው። ባትሪውን እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ... እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። አልቀዘቀዘም። መልሼ ኪሱ ከተትኩትና እጄን ታጠብኩ።

ማታውን ወንድሜ ደወለ። ደህንነቴን ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ከዚያ...

«ለምንድነው የምታንሾካሹኪው?»

«አላንሾካሸኩም።»

«እያንሾካሸክሽ ነው እኮ... ማን አለ እዚያ?»

አፌን ያዝኩ። እውነቱን ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላወቅኩም።

ዓርብ ጠዋት ከባድ ውርጭ ወርዶ ጓሮው ነጭ ሆኗል። የኩሽናውን በር ከፍቼ ቆሻሻ ልደፋ ስል ደፉ ላይ ቆምኩ።

ኮቴ ነበር። ከቢሮዋ ተነስቶ ቀጥ ብሎ እስከ በሩ የመጣ። የጫማ ጥርስ የለውም፤ ሰፋ ያለ፣ ድፍን... በሱፍ ካልሲ የተረገጠ።

የሚመለስ ኮቴ ፈለግኩ።

አልነበረም።

ቅዳሜ ማድረግ የማይገባኝን አደረግኩ። ለማንም ልነግር ያልደፈርኩት ይሄን ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ። ከአባቴ ኮት ባትሪውን አወጣሁ፤ አሁንም ይሞቅ ነበር። ባትሪው ያለቀበት ካሜራ ውስጥ ከተትኩት። ፎቶዎቹን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግኩም። ማጥፋት ብቻ ነበር የፈለግኩት። አባቴ በዕድሜው ያነሳቸውን የመጨረሻ ፎቶዎች፣ አንድም ሳይቀር፣ ወንድሜ እንዳያየኝ።

«ሁሉም ይጥፋ?» የሚለው መጠየቂያ ወጣ። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግኩ።

ከኋላዬ...

በጣም ቀስ ብሎ...

«ጩኸቴ።»

ዞርኩ። ማንም የለም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ማጥፊያውን ሳልጫን ካሜራውን አልጋው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ሌሊቱን ሳሎን ሶፋ ላይ መብራት አብርቼ አነጋሁ።

እሁድ ወንድሜ አስር ሰዓት ላይ መጣ። ኩሽና ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ላፕቶፑን ከፈተ። «ፊትሽ ምን ሆኗል? ምግብ ትበያለሽ?» አለኝ። እበላለሁ አልኩት። የካሜራውን ካርድ ሰካው። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ወንዙ መጣ። ጉም። ሸምበቆ። ከዚያ እሷ... ሰማያዊዋ ወፍ፣ ሸምበቆው ላይ፣ ጥርት ብላ። ወንድሜ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አገኛት! ሽማግሌው አገኛት!» አለ።

ቀጣዩ ሰማይ ነው። ቀጣዩ ሣር። ካሜራውን ያዞረው እጅ አቅም እንደሌለው ያስታውቃል፤ ሁሉም የተጣመመ ነው።

ቀጣዩ የኩሽናችን መስኮት።

አስር ሰዓት ከሃያ አንድ።

እኔ ነኝ። ስልክ ጆሮዬ ላይ ነው። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። መዳፌን መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ቀጥታ ወደ ካሜራው እያየሁ ነው።

ወንድሜ ከፎቶው ቀና ብሎ አየኝ።

«አይተሽዋል።»

«አዎ።»

«ስትሰፊ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።»

«ምን አለሽ?»

«መዳፉን ዘረጋ ጋሼ... እንዳትመጪ ያለኝ መሰለኝ።»

ሐኪሙ ያለውን እያስታወሰ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁ። ሲገባው አየሁ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ያንንስ... ብትነግሪኝ ኖሮ» አለና የቀረውን ዋጠው። ወንበሩን ከኔ ትንሽ ራቅ አደረገ።

ዓይኔን ከሱ ለማሸሽ ብዬ እኔው ቀጣዩን ነካሁ።

እንዲህ ነበር፤ ካሜራው በየደቂቃው ራሱ እንዲያነሳ ተደርጓል። ወንድሜ አባዬ አስተካክሎት ይሆናል አለ። መነሳት ሲያቅተው በሌንሱ ሊያየን... ሊያየኝ ማለቴ ነው።

አስር ሰዓት ከሃያ ሁለት። እኔ እስቃለሁ።

ከሃያ ሦስት። ሻርፔን አንገቴ ላይ እየጠቀለልኩ ነው። ከኋላዬ ኩሽናው በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል።

«ይሄ... ማነው?» አለ ወንድሜ። ድምፁ ወርዷል።

ኮቱን አውቀዋለሁ።

ከሃያ አራት። ሰውዬው ቀርቧል። ከሃያ አምስት። ከትከሻዬ ጀርባ ነው። አባዬ ነው። ግማሽ ፊቱ ወርዷል። አፉ ጆሮዬ ስር ነው፤ ስልኩ የሌለበት ጆሮዬ። የሚያወራ ይመስላል። እንደ ሁልጊዜው፣ ቀስ ብሎ።

እኔ እስቃለሁ።

ከሃያ ስድስት። ከሃያ ሰባት። ከሃያ ስምንት። ያወራል። እኔ አልዞርም።

በአስር ሰዓት ተኩል ተወው። የሚቀጥለው ፎቶ ላይ አሁን እኔና ወንድሜ የተቀመጥንበት እዚሁ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። እጁን ጭኑ ላይ አድርጓል። ስልኬን እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነው። መጠበቅ ያውቅበታል፤ ሙያው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት። እየጠበቀ ነው። አሥራ አንድ ተኩል። እኔ ስልኩን ዘግቼ ድስት አማስላለሁ። እሱ ይጠብቃል።

ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። «ዝጊው» አለኝ። «በቃ... ዝጊው።»

አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከአምስት ይላል። እኔ የእጅ ባትሪዬን ይዤ ከቤት የወጣሁበት ሰዓት ነው። ፎቶው ታችኛው ጥግ ላይ፣ ጨለምለም ባለው ጓሮ፣ ባትሪዬ ይበራል፤ የሻርፔ ጫፍም ይታያል። ወደ ቢሮዋ እየሄድኩ ነው።

ኩሽናው ግን ባዶ አይደለም።

አባዬ ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጠ ነው። ቀና ብሎ ያያል። ከጎኑ አንዲት ሴት ቆማ ቀኝ እጁን በእጇ ይዛለታለች። ወንድሜ ስክሪኑን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ የለበስኩትን ጥቁር ቀሚስ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን የሰፋሁት ቀሚስ ነው። ግራ እጅጌው ገና አልተዘመዘመም፤ በሁለት ስፒል ነው ያያዝኩት።

የሴትየዋም።

ፊቷን፣ የኔኑ ፊት፣ በመስኮቱ በኩል ወደኔ መልሳለች። አባቷን አታየውም። የምታየው እኔን ነው... ጓሮው ውስጥ፣ መብራት ይዤ፣ ዘግይቼ የምሄደውን። በአንድ እጇ የአባዬን እጅ ይዛ፣

በሌላው መጋረጃውን እየዘጋችብኝ ነው።